ጨዉን ደጅ ያቆመ ገብስ

ሱቁን ለልጄ ባስረከብኩ በሁለተኛው ሳምንት ሚስቴ ቁንዶ በርበሬ ገዝተህ ና ብላ ላከችኝ። አርባ ዓመት ሻጭ ሆኖ የኖረ ሰው ገዢ ሆኖ ሲቆም ቁመቱ ያጥራል። ባለሱቁ ሲመዝንልኝ ጣቱን ሚዛኑ ላይ ሲያሳርፍ አየሁት። በዘመኔ እኔም ጣት ነበረኝ። ቁንዶ በርበሬውን ከተማሪ መጽሐፍ በተገነጠለ ገጽ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

እኔ የትምህርት ቤት በር የረገጥኩት ጆንያ ላደርስ ብቻ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከሰፈር ልጆች ጋር በጠጠር ስጫወት፣ ንባብ የለመድኩት ደግሞ ከመጠቅለያ ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ ዕውቀቴ ሁሉ መሃል ላይ ይጀምርና ሳያልቅ ይቀደዳል። አንድ ንጉሥ ባሕር ተሻግሮ እንደዘመተ አውቃለሁ፤ ማን እንዳሸነፈ ግን አላውቅም። ወባ በምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ መድኃኒቱ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ነበር።

የዚያ ቀኑ ገጽ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ክብ ሥዕል ነበረበት፤ ዙሪያውን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚያመለክቱ ቀስቶች። መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በዓይን ከማይታዩ ሴሎች ተሠርቷል ይላል፤ እያንዳንዱም ሴል ስስ ገለፈት ለብሷል። ገለፈቱ ግድግዳ ብቻ አይደለም፣ ይመርጣል። ውኃ ብዙም ሳይጠየቅ ይገባል፣ ይወጣል። ጨውና ስኳር ግን እንደዚያ አይሆንላቸውም፤ በየራሳቸው በር ማለፍ አለባቸው። አንዳንዱ በር እንዲያውም ነገሩን ጥቂት ካለበት ብዙ ወዳለበት፣ ዳገት እንደማስወጣት አድርጎ ይገፋል፤ ለዚህ ሥራው ጉልበት ይበላል። ሴሉ ሲሞት ገለፈቱ መምረጡን ይተዋል፤ ያን ጊዜ ውስጥ ያለው… እዚህ ላይ ገጹ ተቀዷል።

ቁንዶ በርበሬው መንገድ ላይ ፈሰሰ፤ ሚስቴ የተረፈውን ኪሴ ውስጥ አገኘችው። እኔ ግን በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተቀደደው በኋላ ያለውን ገጽ አውቀው ነበር። ያን ገጽ በምላሴ ነው የተማርኩት፤ ለዚያውም አሰላ ላይ፣ ከገብስ ነጋዴ።

ነጋዴው ሐጂ ኡስማን ይባላሉ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ላይ እሳቸው ዘንድ ስገባ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ በጆንያ ብዛት አንድ ትከሻቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ደመወዜ የሚበላ እንጂ የሚቀመጥ አልነበረም፤ ይህን ካልኩ ይበቃል። የአሰላ እህል ገበያ ያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት አይታይም። ጉሙ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ ባሕር ዛፉን፣ አህዮቹን፣ ሰዉን ይውጣቸዋል። ድምፅ ብቻ ይቀራል፦ ዋጋ የሚጠራ፣ የሚራገም፣ የሚሳልም። ከዚያ ፀሐይ ስትጠነክር ገበያው ከጉሙ ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ገና እንደተፈጠረ ዓለም። እስካሁን ዓይኔን ስጨፍን የማየው ያንን ነው፤ ከጉም የሚወጡ የአህያ ጆሮዎች።

ሐጂ የሚነግዱት የዘር ገብስ ነው። ለመብል የሚሆን ማንም ይሸጣል፣ ይሉ ነበር። ለመብል የሸጥከው ቢበላሽ ሰው ይሰድብሃል፤ ለዘር የሸጥከው ቢበላሽ ሰው ዓመቱን ያጣል። ጆንያ ሲቀርብላቸው አፉ ላይ ያለውን አያዩም። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ይሰዳሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ። ሙቀት እየፈለጉ ነው። እንደታመመ ሰው ግንባር የሞቀ እህል ውስጡ እየታመመ ነው። ባለቤቱ የጆንያው ልብ ትርታ የሚደመጥ ይመስል እሱም ትንፋሹን ይይዛል።

ዋናው ፈተና ግን ውኃ ነው። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ከየጆንያው አንድ አንድ እፍኝ ገብስ በብርጭቆ ይዘፈዝፋሉ። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ፣ ከሱብሒ ሶላት በፊት፣ አፋቸውን በንጹሕ ውኃ ተጉመጥሙጠው ከየብርጭቆው ትንሽ ትንሽ ይቀምሳሉ። ገብሱን አይደለም የሚቀምሱት፣ ውኃውን ነው። ፍርዳቸው ሁለት ብቻ ነበር። ወይ “ይህ ለመሬት ነው” ይላሉ፣ ወይ “ይህ ለጩኮ ነው”። ጩኮ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው፤ ጣፋጭ ምግብ ነው፤ ከሐጂ አፍ ሲወጣ ግን የሞት ፍርድ ነበር። ሻጩን ግን በክፉ አያነሡም። እንዲያውም ጩኮ እንዴት ጥሩ እንደሆነ ነግረው ይሸኙታል።

መጀመሪያ ጊዜ አልገባኝም ነበር። የሁሉም ብርጭቆ ገብስ አንድ ዓይነት አብጧል፤ ታዲያ ምኑ ነው የሚለየው ብዬ ጠየቅኋቸው።

“የሞተ ገብስም ውኃ ይጠጣል” አሉኝ። “በሚጠጣው አትለየውም፤ በሚመልሰው ነው። ሕያው የሆነው ውኃውን ያስገባና የራሱን ይዞ ይቀመጣል። የሞተው ያለውን ሁሉ ለውኃው ይሰጣል።”

አስቀመሱኝ። የሕያው ገብስ ውኃ ገለባ ገለባ ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። የሞተው ግን ወፈር ብሎ ይጣፍጣል፣ ምላስ ላይም ይንሸራተታል። ከሁለቱ የሚያስደስተው የሞተው ነበር። ይህ ነገር ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል።

ዳሩ ግን በእርግጥ ያመንኩት በጨው ነው። አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ከናዝሬት ጨው፣ ከሁሩታ የዘር ገብስ ጭኜ ወደ አሰላ ስወጣ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝ። በቅሎዎቹን አራግፌ ጭነቱን አንድ ላይ ከመርኩና ሸራ አለበስኩት። በላይ በኩል ያደረግሁት ጥንቃቄ ምንም አይወጣለትም፤ ጎርፉ የመጣው ግን በታች በኩል ነው። በማግስቱ ሸራውን ስገልጥ ጨዉ ግማሽ ሆኗል፣ ገብሱም በጨው ውኃ ውስጥ ተቀምጧል። አሰላ እስክደርስ ድረስ አንድ ውሸት አዘጋጀሁ። ጥሩ ውሸት ነበር፤ ሐጂ ግን ጆንያውን በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን ቀመሱና ውሸቱ ሳልጠቀምበት ቀረ።

አልተቆጡኝም። ከገብሱ እፍኝ ዘግነው በንጹሕ ውኃ ደጋግመው አጠቡና ሰጡኝ።

“ንከስ” አሉኝ።

ነከስኩ። ልሙጥ የገብስ ዱቄት ነው። ሌላ ነከስኩ፤ እሱም ልሙጥ ነው። ፍሬው ለስለስ ብሏል፣ ውኃ ገብቶታል።

“ጨዉስ?” አልኳቸው።

“ደጅ ቆሟል።”

ቀጥለው ሲወቃ የተሰነጠቁትን ፍሬዎች ለይተው ሰጡኝ። እነዚያን ስነክስ ጨው ጨው አሉኝ። “የእነዚህ በራቸው ተሰብሯል” አሉ ሐጂ። ገብሱን ቀኑን ሙሉ ስናጥብና ስናሰጣ ዋልን፤ ከተሰነጠቀው በቀር አብዛኛው ለዘር በቃ።

ከዚያ ወዲህ ነው ገብስን እንደ ዕቃ ማየት ያቃተኝ። ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ላይ ጋደም እላለሁ። ቆርቆሮውን ዝናብ ይደበድባል፤ ከበታቼ ያለው ገብስ ይተነፍስ ይመስለኛል። እያንዳንዱ ፍሬ የተዘጋ ቤት ነው፤ ውስጡ መብራት አጥፍቶ የተቀመጠ ሰው አለ፤ ማን እንደሚያንኳኳ ያዳምጣል። ውኃ ሲመጣ ይከፍታል፣ ጨው ሲመጣ ዝም ይላል። እንቅልፍና ንቃት መሃል ሆኜ እኔ ራሴ አንዲት የገብስ ፍሬ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ ዝናቡ በቆዳዬ በኩል ቀስ ብሎ ሲገባ፣ የአሰላ ጫጫታ ግን ደጅ ሲቀር። ሐጂ መጥተው በከዘራቸው ጫማዬን ካልነኩኝ አልመለስም። “ጀማል፣ ለዘር ነህ ለጩኮ?” ይሉኛል።

አራት ዓመት አብሬያቸው ከሠራሁ በኋላ ሁሩታ ላይ ጥቂት ጊዜ ቆየሁ፤ ከዚያ በራሴ ስም እንድሠራ መርቀው ጎበሳ ላኩኝ። ጎበሳ ላይ አንድ ክፍል ሱቅ፣ አንድ ሚዛን፣ ሁለት በቅሎ ነበረኝ። ሰዉ የሐጂ ኡስማን ሰው ነው ብሎ ስላመነኝ ሥራ ለመልመድ አልተቸገርኩም። የሰው እምነት ሳይደክሙ ሲገኝ ራስን ጎበዝ ያስመስላል።

ውድቀቴ የመጣው በሁለተኛው ዓመት፣ የመኸር ገብስ በሚዘራበት ሰሞን ነው። ረመዳን ነበር።

አንድ የጢቾ ነጋዴ ሃያ ጆንያ ገብስ ይዞልኝ መጣ። ፍሬው ሙሉ፣ ከባድ፣ የሚያብለጨልጭ ነው። ክንዴን እስከ ክርኔ ሰደድኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። አሸተትኩ፤ የፀሐይ ሽታ ብቻ ይሸታል። ያላወቅሁት ነገር እህሉ ከርሞ የወጣው ከጉድጓድ መሆኑን ነው። ጉድጓድ ለሚበላ እህል ጥሩ ቤት ነው፤ ለዘር ግን ያፍነዋል። ሰውየው ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አስጥቶ የጉድጓዱን ሽታ አጥፍቶታል።

በዚያው ቀን ኦቦ ቱፋ መጡ። ከጎበሳ በላይ፣ ደጋው ላይ፣ ከገብስ በቀር ምንም የማይበቅልበት ጥግ የሚያርሱ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ገበሬ ናቸው። የራሳቸውን ዘር ያለፈው ዓመት በረዶ አጥፍቶባቸዋል። ዘጠኝ ነፍስ የሚጠብቀው ያንን እርሻ ነው። ነገ አህዮቼን ይዤ እመጣለሁ፣ መሬቱ ታርሶ ይጠብቀኛል ብለውኝ ሄዱ።

ስናፈጥር ገብሱን ዘፈዘፍኩ። ለሱሑር፣ ጎሕ ሳይቀድ ለመብላት፣ ስነሣ ልቀምሰው ነበር ሐሳቤ። እንቅልፍ ጣለኝ። የነቃሁት በአዛን ነው። ከዚያ በኋላ ጾም ነው፤ አፌ ተዘግቷል።

ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቼ አየሁት። ገብሱ አብጧል፣ ፋፍቷል፣ ያማረ ነው። ውኃው ትንሽ ደፍረስ ያለ መሰለኝ፤ የኩራዝ ጭስ ነው አልኩ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ክርስቲያን ነበር፤ ቅመስልኝ ብለው ይቀምስልኛል፤ የገለባና የስኳር ልዩነት ለማንም አይጠፋም። ግን የዘር ነጋዴው ምላስ ተዋሰ ብሎ ገበያውን ሁሉ ሊያስቅብኝ ነው ብዬ ተውኩት። ሐጂ በሚጠጣው አትለየውም ያሉትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ያን ጠዋት ግን በሚጠጣው ለየሁት። ይህ ለመሬት ነው አልኩ፤ ድምፄንም እንደሳቸው አወፈርኩ።

ኦቦ ቱፋ ጭነው ሄዱ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ተመለሱ። አህያ አልያዙም። የቡሉኳቸውን ጫፍ ቋጥረው ነበር፤ ፈተው ሚዛኔ ላይ አፈሰሱት። ጥቁር አፈርና ገብስ ነው። አንዱን ፍሬ በሁለት ጣታቸው ጨመቁት፤ ነጭ ውኃ ወጣው። ወደ አፍንጫዬ አስጠጉት፤ ኮምጥጧል። ስንነጋገር በኦሮምኛ ነበር፤ ያሉኝን እንደምችለው በአማርኛ አስቀምጠዋለሁ።

“የሰጠኸኝ እንግዳ ደህና አድርጎ በልቷል፣ ጠጥቷል” አሉኝ። “አልጋም አንጥፌለታለሁ። አይነሣም።”

ምን እንደመለስኩ አላስታውስም፤ ዝናቡን ያማረርኩ ይመስለኛል። እሳቸው አፈሩን ያዩ ነበር። ከዚያ ለመዝሪያ የቀረውን ጊዜ ቆጠሩልኝ። በአሥር፣ ቢበዛ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ያልተዘራ ገብስ ኅዳር ላይ ፍሬው ገና ወተት ሳለ ውርጭ ያገኘዋል። በአካባቢው ሁሉ ሰው ዘርቶ ጨርሷል፤ የተረፈ ዘር የለም። “ስድብ ፈልጌ አልመጣሁም” አሉኝ፤ “ዘር ፈልጌ ነው የመጣሁት።”

ብር ልመልስልዎት ብዬ ነበር። ብር ተዘርቶ ሲበቅል ካየህ ንገረኝ አሉኝ።

ከዘጠኝ ሰዎቹ አምስቱ ሕፃናት እንደነበሩ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ገበያው ይህን ቢሰማ ሱቄ እንደሚዘጋም አውቄያለሁ፤ ሁለቱን ሐሳብ አብሬ እንዳሰብኩ አልክድም፤ ነጋዴ ነኝ።

በቅሎዎቼን ይዤ በሁለተኛው ቀን አሰላ ገባሁ። ሐጂ አርጅተው ሱቃቸው ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። ነገሩን ከነዝናቡ፣ ከነጢቾው ነጋዴ፣ ከነጭሱ ዘረዘርኩላቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

“ውኃውስ ምን አለህ?” አሉ።

“አልቀመስኩትም።”

ፊታቸውን ወደ ጭላሎ መለሱ፤ ተራራው ጉም ውስጥ ነበር፤ እሳቸው ግን የሚያዩት ይመስሉ ነበር። ከዚያ፣ ሁሩታ አካባቢ አሩሶ የሚሉት ቶሎ የሚደርስ ገብስ አለ፣ ከነጋዴ አትፈልግ፣ ከየቤቱ ጠይቅ፣ ለራሳቸው ያስቀሩትን ዘር ትንሽ ትንሽ ይሰጡሃል አሉኝ። ስነሣ ከዘራቸውን ዘርግተው አስቆሙኝና፣ ሕያው ነገር አድካሚ ነው ጀማል፤ አንተ ስትተኛ እሱ አይተኛም አሉኝ።

ሁሩታ ላይ ሦስት ቀን ከቤት ቤት ዞርኩ። አንዱ ቤት አንድ ቁና፣ ሌላው ቤት ግማሽ ጆንያ። ሴቶቹ የዘር ነጋዴ ዘር ሲለምን አይተው ከልባቸው ሳቁብኝ። አንዷ፣ አናጢ ወንበር ሲዋስ አየሁ ብላ ጎረቤቷን ጠራች። የሰበሰብኩትን በየዕለቱ ስናፈጥር እዘፈዝፋለሁ፤ ያረፍኩበት ቤት የነበሩትን ብርጭቆና ጣሳ ሁሉ ያዝኩባቸው። ለሱሑር መጀመሪያ የምነሣው እኔ ሆንኩ። ከእንጀራ በፊት አሥራ ምናምን ዕቃ ውኃ እቀምሳለሁ። ገለባ፣ ገለባ፣ ገለባ፤ አንዱ ጣፈጠኝ፤ ያንን ለይቼ ለሰጠችኝ ሴትዮ ለጩኮ ነው ብዬ መለስኩላት። ምላሴ ላይ ምንም ያልተወ ውኃ ሁሉ ደስ አሰኘኝ። ጨለማው ሲገፈፍ የገብሱን ጫፍ በጥፍሬ ስነካው ጠንካራ ነው፤ የራሱን ይዞ ተቀምጧል። እንቅልፍ ባጣ ዓይኔ ሳየው እያንዳንዱ ፍሬ ትንሽ መብራት የያዘ ይመስለኝ ነበር።

ጎበሳ የደረስኩት ረመዳን ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። በማግስቱ ዒድ ነው። ከሰዉ ጋር ነጭ ለብሼ ሰገድኩና ከሶላቱ በኋላ ወዲያው በቅሎዎቼን እየነዳሁ ወደ ደጋው ወጣሁ። ኦቦ ቱፋ በሬዎቻቸውን ጠምደው አገኘኋቸው፤ መምጣቴን ሳይጠብቁ መሬቱን እንደገና እያረሱ ነበር። ዒድ ሙባረክ ተባባልን። ሁለተኛውን ጥማድ የሚያርሰው ልጃቸው ታሞ ነበርና እኔ ያዝኩት።

እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ሞፈር የማውቀው በሽያጭ ነው። የመጀመሪያውን ትልም እንደ እባብ አስኬድኩት። ኦቦ ቱፋ ቆመው አዩና፣ በሬዎቹ ወዴት እንደምትሄድ እስኪገባቸው ይጠብቁሃል አሉኝ። ለዒድ የለበስኩት ነጭ ልብስ እስከ ወገቤ ጭቃ ሆነ። ሚስታቸው የዒድ ምግብ እርሻው ዳር አመጣችልን፤ ቆመን በላን። ጉሙ ሲመጣ እርስ በርስ አንተያይም ነበር፤ ከፊቴ የምሰማው ኦቦ ቱፋ በሬዎቹን የሚጠሩበትን ድምፅና ዘሩ አፈር ላይ ሲወድቅ ያለውን ስስ ሹክሹክታ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ያለፈው አንድ ቀን ነው ወይስ አንድ ወር ሙሉ ነው ብዬ እስካሁን እጠይቃለሁ። ሁለት ቀን አርሰን ዘራን።

በዘጠነኛው ቀን ተመልሼ ወጣሁ። ጉሙ ምድር ላይ ተኝቷል። ሲገለጥ መሬቱ አረንጓዴ ጭስ የሚጨስ ይመስል ነበር። ተንበርክኬ እያንዳንዱን ቡቃያ በጣቴ ነካሁ። ኦቦ ቱፋ ከቤታቸው በር አይተውኛል፤ አልወጡም፣ አልጠሩኝም።

ኅዳር ላይ ውርጩ የላይኛውን ጥግ ነካው። የታችኛው ዳነ። ዘጠኙም ሰው ከርሞ ወጣ፤ ሁለት በግ ሸጠው ነው፤ ይህንን ግን ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። ኦቦ ቱፋ ከዚያ በኋላ ከእኔ አንድ እፍኝ ገብስ ገዝተው አያውቁም። ገበያ ላይ ሲያዩኝ ሰላም ይሉኛል፣ የልጆቼን ደህንነት ይጠይቁኛል፤ ዘር ግን ከሌላ ነጋዴ ገዝተው ከሱቄ ፊት ለፊት ጭነው ያልፋሉ። ሥራዬ ግን አልቀዘቀዘም፤ እንዲያውም ሰፋ። ለምን እንዳልቀዘቀዘ አልገባኝም ነበር። የሞተ ዘር የሸጠ ሰው ስም በሳምንት ውስጥ የጎበሳን ዙሪያ፣ ሽርካ ወረዳን ሁሉ ማዳረስ ነበረበት።

የገባኝ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው፤ በመዝሪያ ሰሞን፣ በገበያ ቀን። ሱቄ ደጅ ሰዎች ተሰብስበው ዘር ያስመዝናሉ፤ አንዱ ጆንያውን ሚዛኔ ላይ አስቀምጧል። ኦቦ ቱፋ ከሌላ ቦታ የገዙትን ጭነው ሲያልፉ የመንደራቸው ሰው፣ ከድር የሚባል ቀልደኛ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራቸው።

“ኦቦ ቱፋ፣ ዘንድሮስ ዘሩን ስንት ክንድ ልትቀብረው ነው? ከፈን እንግዛለት ወይ?”

ሰዉ ሳቀ። ያልሰሙት ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ ከድር አወራላቸው። በዚያ ዓመት ቱፋ ዘሩን አጥልቆ ቀብሮት ሳይበቅል ቀርቶ ሁለት ጊዜ ዘራ፤ ራሱ ነው የነገረን፤ በዚህ ዕድሜው ዘር ስንት ጣት እንደሚገባ ጠፍቶት፤ ልጆቹ እንኳ ከዚያ ወዲህ ካላየን አትዝራ ይሉታል አለ። ኦቦ ቱፋ ፈገግ ብለው የአህያቸውን ጭነት ያጠብቃሉ። ገመዱ ጠብቆ ነበር፤ እሳቸው ግን ያጠብቃሉ።

ሦስት ዓመት። ደጋ ላይ ለተወለደ ገበሬ ዘር መዝራት አያውቅም ከመባል የከፋ ነገር የለም። ያንን ለብሰው ሲዞሩ እኔ ሚዛኔን እያጸዳሁ ነበር።

አፌ እንዴት እንደተከፈተ አላውቅም።

“አልቀበሩትም” አልኩ። “ዘሩ የሞተ ነበር። የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ። ሳልቀምሰው ነው የሸጥኩት።”

ሳቁ ቆመ። ከድር አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየ። የማንንም ዓይን ሳላይ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የጉድጓዱን፣ የሱሑሩን፣ ልብስ ሰፊውን ሳይቀር። ልብስ ሰፊው ከበሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ሰውየው ጆንያውን ከሚዛኔ ላይ አነሣ። ሌላውም ተከተለው። በዚያ ቀን ካሰብኩት ሩቡን አልሸጥኩም፤ በሚቀጥለው ገበያም እንደዚያው ነበር።

ኦቦ ቱፋ ሰዉ እስኪበተን ቆሙ። ከዚያ አህያቸውን እየሳቡ ወደ እኔ መጡ። ለምን ደበቁልኝ ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ዒዱን እኔ እርሻ ላይ ጭቃ ለብሶ በዋለ ሰው ላይ ገበያ አላስነሣም” አሉኝ።

“ታዲያ ለምን ከእኔ መግዛት ተዉ?”

እንደ ሞኝ አዩኝ።

“ነገርህን ሆዴ ውስጥ ይዤልህ ስዞር እንዴት ነው የምገዛህ? የምደብቅለትን ሰው ዋጋ ቀንስ ብዬ ልጨቀጭቀው ነው? የዝምታዬን ዋጋ እንዳስከፈልኩህ አይሆንብህም?” የአህያቸውን ገመድ ሱቄ ምሰሶ ላይ አሰሩ። “ዛሬ የገዛሁት ለታችኛው እርሻ ብቻ ነው የሚበቃው። ለላይኛው ሁለት ኩንታል እፈልጋለሁ። ስንት ነው የምትለው?”

ዋጋዬን ነገርኳቸው።

“ሌባ” አሉኝና ቡሉኳቸውን ሰብስበው ጆንያው አጠገብ ተደላድለው ተቀመጡ።